ሲደክመኝ የምመለስበት ጌም

ሲደክማችሁ ምን ትጫወታላችሁ ሲባል ብዙ ሰው የቅርብ ጊዜውን፣ ግራፊክሱ ጉድ የሚባልለትን ጌም ይጠራል። የእኔ መልስ ለዓመታት ያው ነው፤ ስታርዲው ቫሊ የሚባል የእርሻ ጌም። ወንድሜ አዲስ ነገር ባገኘ ቁጥር ኮምፒውተሬ ላይ ይጭንልኛል፤ «ይቺን ሞክሪያት፣ ትወጃታለሽ» ይለኛል። አንዳንዶቹ እውነትም ያምራሉ። ግን እነሱ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሰውነቴም ጭንቅላቴም ደህና ሲሆን የምጫወታቸው ናቸው። ማታ ዝዬ ስገባ እጄ የሚሄደው ወደዚያችው እርሻ ነው።

ሥራዬ ሒሳብ ነው። ሰኔ 30 ዓመቱ ተዘግቶ እስከ ጥቅምት 30 ግብር እስኪያልቅ ያሉትን ወራት የሙያው ሰው ያውቃቸዋል። ደንበኛው ደረሰኙን በፌስታል አምጥቶ ጠረጴዛ ላይ ይዘረግፍና «እንግዲህ አንቺው ታውቂያለሽ» ይላል። ማታ አልጋ ላይ ሆኜ እንኳ ያልገጠመ ቁጥር ይመላለስብኛል። ፊልም ልክፈት ብል ማን የማንን ወንድም እንደገደለ መከታተል አለብኝ። አዲስ ጌም ልጀምር ብል የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ትምህርት ነው፤ ይሄን ስትጫኚ ትዘያለሽ፣ ያንን ስትጫኚ ትመቻለሽ። ቀኑን ሙሉ ስጠየቅና ስመልስ ውዬ ማታም ፈተና ልቀመጥ? የማውቀው ጌም ግን አይፈትነኝም። ከማዕዘኑ ጀርባ ምን እንዳለ አውቃለሁ፤ የሚያሳርፈኝም ይኸው ማወቄ ነው።

ለማያውቁት ላስተዋውቅ። ስታርዲው ቫሊን የሠራው ኤሪክ ባሮን የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ ብቻውን። ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሮ ሥራ ሲያጣ፣ ሲያትል ውስጥ ቲያትር ቤት ተመልካች እያስተናገደ፣ ከ4 ዓመት በላይ ኮዱንም ሥዕሉንም ሙዚቃውንም ንግግሩንም ራሱ ሠርቶ በ2016 እ.ኤ.አ. አወጣው። እስከ 2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከ41 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ታሪኩ ሲጀምር ባለታሪኳ (ወንድ ማድረግም ይቻላል) የአንድ ትልቅ ኩባንያ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ተደፍታ ትታያለች። ከተደረደሩት ጠረጴዛዎች በአንዱ ላይ አጽም ተቀምጧል፤ ሠራተኛው እዚያው ደርቆ ቀርቷል። በጥቅምት ወር ይህችን ትዕይንት ሳይ ሳቄ በግማሽ ነው። ከመሳቢያዋ አያቷ ሊሞት ሲል የሰጣትን ደብዳቤ ታወጣለች፤ እርሻ አውርሷታል። ጓዟን ሸክፋ፣ አውቶቡስ ተሳፍራ፣ ፔሊካን ታውን ወደምትባል ትንሽ መንደር ትሄዳለች።

እኔ የምወደው የመጀመሪያውን ጸደይ ነው። እያንዳንዱ ወቅት 28 ቀን አለው። ስትደርሺ እጅሽ ላይ ያለው የጌሙ ገንዘብ 500 ብቻ ነው። ከንቲባው ሉዊስ የሰጠሽ አንድ ጥቅል አለ፤ ሲከፈት 15 ፍሬ የፓርስኒፕ ዘር ይወጣል፤ ነጭ ካሮት የመሰለ ሥር ነው። መሬቱ በድንጋይ፣ በግንድና በአረም ተውጧል። ከቤቱ ፊት ለፊት ትንሽ ቦታ እመነጥርና ሦስት በአምስት አድርጌ እቆፍራለሁ። ሁልጊዜ ሦስት በአምስት። ዘሩን አንድ በአንድ እጥላለሁ፤ ከዚያ ውኃ ማጠጫውን ይዤ ከግራ ወደ ቀኝ እሄዳለሁ። ውኃው የነካው አፈር ጠቆር ይላል፤ ቸፍ የምትል ድምፅ አለችው። አሥራ አምስቱም ሲጠቁሩ ትከሻዬ ከጆሮዬ ሥር ወርዶ ቦታው ሲመለስ ይታወቀኛል። በማግስቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ዶሮ ይጮኻል፤ ያንኑ እደግመዋለሁ። በአራት ቀን ይደርሳል። ስነቅለው ባለታሪኳ ከጭንቅላቷ በላይ ከፍ አድርጋ ታሳየኛለች። በቃ፣ ይኼው ነው።

እናቴ አንድ ቀን አጠገቤ ተቀምጣ ይሄን ሁሉ አየችና «ውጭ ያለው ጎመን በውኃ ጥም ሞተ እኮ» ብላኝ ሄደች። እውነቷን ነው። መልስ የለኝም።

ሰዎቹም አሉ። ሊነስ ከመንደሩ በላይ ድንኳን ውስጥ ይኖራል፤ ቤት አልፈልግም ይላል። ጆርጅ ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ ያጉረመርማል። ሼን መጠጥ ይዞታል፤ ዶሮ ይወዳል። ዓርብ ማታ መንደርተኛው ጉስ መጠጥ ቤት ይሰበሰባል። ሁሉም የት እንደሚገኝ፣ ምን ስጦታ እንደሚወድ፣ መቼ ምን እንደሚል አውቃለሁ። ጓደኛዬ «የሚሉትን ካወቅሽ ምን ያስወራሻል?» አለችኝ። ጥያቄዋ ገብቶኛል፤ ግን ቀኑን ሙሉ ስልክ ባነሳሁ ቁጥር ምን እንደሚመጣብኝ ሳላውቅ የምውል ሰው ነኝ። ማታ አንድ ሰው የምጠብቀውን ቢለኝ ደስ ይለኛል።

ብዙዎች የማይገባቸው ነገር ሁለተኛውን ዓመት ጨርሼ አለማወቄ ነው። እርሻው ሲያድግ ራሱ የሚያጠጣ መሣሪያ ይመጣል፣ ከብት ይመጣል፣ ወይን ጠመቃ ይመጣል፤ የትኛው ሰብል በቀን ስንት ያተርፋል የሚል ሒሳብ ይመጣል። ኢንተርኔት ላይ ኤክሴል ሠርተው የሚያሰሉ ሰዎች አሉ፤ አይቻቸዋለሁ፤ ይመቻቸው። እኔ ኤክሴል ለመሥራት ደመወዝ ይከፈለኛል። በሦስተኛው ዓመት መጀመሪያ ደግሞ የሞተው አያት መንፈስ እንደ ኦዲተር መጥቶ ምን ሠራሽ ብሎ ይመዝናል። እሱ ሳይደርስብኝ አዲስ እርሻ እከፍታለሁ። ገንዘብ የተከፈለበት ጌም እስከ መጨረሻው መጫወት አለበት የሚል ሕግ የለም። ለማረፍ ከሆነ የሚያሳርፋችሁን ክፍል ብቻ ተጫውታችሁ ማቆም ትችላላችሁ።

ወንድሜ ያሾፍብኛል እንጂ እሱም ያው ነው። የእሱ ፔስ 6 ነው፤ ኮናሚ የተባለው ኩባንያ በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው የእግር ኳስ ጌም። ሰፈራችን ያለው ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ፣ ተራ እየጠበቀ፣ የተሸነፈ ይነሳ እየተባለ ያደገበት ጌም ነው። አድሪያኖ በግራ እግሩ ከመሃል ሜዳ ሲመታ በረኛው ዞር ብሎ መረቡን ማየት ብቻ ነበር። ሊቨርፑል ፈቃድ ስላልነበረው «መርሲሳይድ ሬድ» ይባል ነበር፤ ልጆቹ ሁሉ ማን እንደሆነ ያውቁታል። ዛሬ ከጓደኞቹ ጋር የሚጫወተው አዲሱን የኳስ ጌም ነው፤ እየተጯጯኹ። ሥራ ላይ የተበሳጨ ቀን ግን ብቻውን ፔስ 6 ከፍቶ ማስተር ሊግ የሚባለውን፣ አንድ ቡድን ይዞ ከታች የሚያሳድግበትን ክፍል ይጀምራል። ካስቶሎ፣ ሚናንዳ፣ በረኛው ኢቫሮቭ፤ በእውኑ ዓለም የሌሉ ደካማ ተጫዋቾች ናቸው፤ ከሁለተኛ ዲቪዚዮን ነው የሚነሳው። ካስቶሎ ከቅርብ ርቀት ሲስት ይሰድበዋል፣ ሲያገባ እልል ይላል። ካስቶሎን ለመሸጥ ግን ፈጽሞ እሺ አይልም። የእሱ ቡድንም እንደ እኔ እርሻ ሀብታም ሲሆን ይሰለቸዋል፤ ዋንጫ በዋንጫ ሲሆን ያጠፋውና ሌላ ቀን ከዜሮ ይነሳል።

ቢሮአችን ደግሞ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ አንጋፋ የሒሳብ ሰው አሉ። ምሳቸውን በልተው ኮምፒውተሩ ላይ ካርታ፣ ማለትም ሶሊቴር፣ ይጫወታሉ። ዊንዶውስ ውስጥ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። ሁለት ዙር ብቻ። ቢያሸንፉም ቢሸነፉም ከሁለተኛው በኋላ ይዘጉና «ወደ ቀንበራችን» ይላሉ። ጌም ተጫዋች ናቸው ቢባሉ ይቆጣሉ።

ከዚህ ሁሉ የተረዳሁትን ልንገራችሁ። ድካም ሁሉ አንድ አይደለም፤ የሚመልሰውም ጌም እንደዚያው። ሰውነቴ ዝሎ ጭንቅላቴ ባዶ ሲሆን እርሻው ይበቃኛል። ሰው የተናገረኝ ነገር ውስጤ እየዞረ፣ «እንዲህ ብዬ በመለስኩለት» እያልኩ የምብሰለሰልበት ማታ ግን ፓርስኒፕ አያድነኝም። እጄ ያጠጣል፣ ሐሳቤ እዚያው ነው። ያኔ የሚሠራልኝ ቴትሪስ ነው። አሌክሲ ፓጂትኖቭ በ1984 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ውስጥ የሠራው፣ እኛም በልጅነታችን በባትሪ ድንጋይ በሚሠራው የእጅ ጌም ያወቅነው፣ ያው ጡብ መደርደር። ጡቦቹ ሲፈጥኑ ዓይንም ሐሳብም ሌላ ቦታ መሄድ አይችሉም።

ይሄ የእኔ ስሜት ብቻ አይደለም። የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ለሰዎች የሚረብሽ ፊልም አሳይተው፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከፊሎቹን 10 ደቂቃ ቴትሪስ አጫወቷቸው። የተጫወቱት በቀጣዩ ሳምንት ምስሉ ሳይጠሩት የመጣባቸው ከሌሎቹ ባነሰ ቁጥር ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከመኪና አደጋ በኋላ ድንገተኛ ክፍል በገቡ 71 ሰዎች ላይ ተመሳሳይ ሙከራ ተደርጎ ተመሳሳይ ነገር ታየ። ማብራሪያቸው ቀላል ነው፤ ቅርጽ ማዞርና መደርደር ምስል የሚይዘውን የአእምሮ ክፍል ስለሚያጨናንቀው መጥፎው ምስል በደንብ ሳይሰፍር ይቀራል። ከባድ ነገር የደረሰበት ሰው ቴትሪስ ተጫውቶ ይድናል ማለቴ አይደለም፤ ለእሱ ሐኪም አለ። ለተራ ብስጭት ግን እኔ ሞክሬው ሠርቶልኛል።

የማልመክረው ዓይነት አለ። ስልክ ላይ በነፃ የሚወርዱ፣ ቀለማቸው ከረሜላ የሚመስል፣ «ነፍስሽ አልቋል፤ 30 ደቂቃ ጠብቂ ወይም ክፈዪ» የሚሉ። ዛሬ ካልገባሽ የሰባት ቀን ሽልማትሽ ይጠፋል፣ ጓደኛሽ በልጦሻል፣ ሰብልሽ ሊበሰብስ ነው እያሉ ሌሊት መልእክት ይልካሉ። እነዚህ ላይ ላዩን ለስላሳ ናቸው፤ ውስጣቸው ግን ተጨማሪ አለቃ ነው። አንድ መለኪያ አለኝ፦ ለሁለት ወር ብተወው ስመለስ ይቀጣኛል? ስታርዲው ቫሊ ስዘጋው ጊዜውም ይቆማል። ግብሩን ጨርሼ ስመለስ ዶሮዎቼ ትናንት እንደተውኳቸው ናቸው። ሳትገቡ የሚሞት ነገር ያለበት ጌም አያሳርፍም። ምርጫ ከሌላችሁና ስልክ ላይ የግድ ከሆነ ቢያንስ ማሳወቂያውን ዝጉት፤ ዳታ አጥፍታችሁ ሊከፈት የሚችል ከሆነ ደግሞ አጥፍታችሁ ክፈቱት፤ ማስታወቂያውም አብሮ ይጠፋል።

መብራትን በተመለከተ። የእኔ ላፕቶፕ ውጭ የሚኖር የአክስቴ ልጅ የላከልኝ አሮጌ ነው፤ ባትሪው ሞቷል፤ ከሶኬቱ ከተነቀለ አለቀለት። ስታርዲው ቫሊ ኮምፒውተር ላይ የሚያስቀምጠው ባለታሪኳ ስትተኛ ብቻ ነው፤ ቀኑ መሃል መብራት ከሄደ ያ ቀን የለም። ደግነቱ የጌሙ አንድ ቀን በእኛ ሰዓት 14 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ የሚጠፋው እሱ ብቻ ነው። መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር ሮጬ አልጋዋ ውስጥ እከታታለሁ፤ ገና እኩለ ቀን ቢሆንም። ስልክ ላይ ያለው ቅጂ ከጌሙ ስትወጡ ያላችሁበትን ይይዛል፤ መብራት የሚያስቸግርበት ሰፈር ላላችሁ ያ ይሻላል። ማሽን ግን አያስጨንቃችሁ፤ 2 ጊጋባይት ራምና 500 ሜጋባይት ባዶ ቦታ ያለው ኮምፒውተር ይበቃዋል፤ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔትም አይፈልግም። ቡና ተፈልቶ ከተጠራችሁ ሜኑውን ክፈቱት፤ ብቻችሁን ስትጫወቱ ሰዓቱ ይቆምላችኋል።

«ስንት ሰዓት ሲሆን ነው ችግሩ?» የሚል ጥያቄ ከዘመዶቼ አዘውትሮ ይመጣል፤ በተለይ ልጅ ካላቸው። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ የኦክስፎርድ ጥናት በ7 ጌሞች ላይ ወደ 39,000 የሚጠጉ ተጫዋቾችን ትክክለኛ የጨዋታ ሰዓት ከኩባንያዎቹ ወስዶ ተከታትሎ ነበር። የሰዓቱ ብዛት በደህንነታቸው ላይ ያመጣው ለውጥ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ልዩነት የታየው በምክንያቱ ነው፤ ወድዶ የሚጫወተውና የግድ ሆኖበት የሚጫወተው ስሜታቸው አንድ አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የጌም ሱስን አስገብቷል። እሱም ቢሆን ሰዓት አይቆጥርም። ማቆም ሲፈለግ አለመቻል፣ ጌሙ ከሌላው የሕይወት ነገር ሁሉ መቅደሙ፣ ጉዳቱ እየታየም መቀጠሉ፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር ያህል መዝለቁ ነው የሚታየው።

እኔ ራሴን የምጠብቅበት ዘዴ ጋሼ ከሚያደርጉት የተቀዳ ነው። ሳልጀምር ስንት የጌም ቀን እንደምጫወት እወስናለሁ፤ በሥራ ቀን ሦስት ወይም አራት ያህል። ባለታሪኳ ስትተኛ ጌሙ ያስቀምጣል፤ ዘግቼ እነሳለሁ። «አንድ ቀን ብቻ» የምትለዋ ሐሳብ እዚህ ጌም ውስጥ ከባድ ናት፤ ጠዋት ላይ ሁልጊዜ የደረሰ ነገር አለ። ስለዚህ የማቆመው ማታ፣ አዲሱ ጠዋት ሳይከፈት፣ «ተቀምጧል» ሲል ነው። ከምንም በላይ የምፈራው ምልክት ግን ሰዓቱ አይደለም። ስጫወት ደስ ካላለኝ፣ ስጨርስም ካልቀለለኝ፣ ከሰው ስልክ ለመሸሽ ብቻ ከሆነ የከፈትኩት፣ ያን ቀን የሚያስፈልገኝ እንቅልፍ ወይም እህቴ ናት።

እንግዲህ ለመጀመር ለምታስቡ። ከእርሻ ዓይነቶቹ የመጀመሪያውን፣ መደበኛውን ምረጡ፤ ቦታው ሰፊ ነው። መመሪያ አታንብቡ፤ ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት። በሁለተኛው ቀን ዊሊ የሚባለው ዓሣ አጥማጅ መንጠቆ ይሰጣችኋል፤ ዓሣ ማጥመዱ መጀመሪያ ላይ ያበሳጫል፤ ዕረፍት ፈልጎ ለገባ ሰው እንዲያውም ያናድዳል። እሱ ሱቅ በ25 የሚሸጥ የመለማመጃ መንጠቆ አለ፤ ያንን ግዙ፣ ወይም ዓሣውን ተዉት፤ ማንም አያስገድዳችሁም። ማዕድን ማውጫው በአምስተኛው ቀን ይከፈታል፤ ውስጡ የሚዋጉ ፍጥረታት ስላሉ እኔ ሲደክመኝ አልገባበትም። ጸደይ 13 የእንቁላል በዓል ነው፤ የእንጆሪ ዘር የሚሸጠው በዚያ ቀን ስለሆነ ትንሽ ገንዘብ አስቀሩ። የምሽቱን ሰዓት ጠብቁ፤ ሌሊት 8 ሰዓት ድረስ ካልተኛችሁ ባለታሪኳ ባለችበት ትወድቃለች፣ ከገንዘባችሁም ይጎድላል። ዘር ለመግዛት ደግሞ ረቡዕ እንዳትሄዱ፤ የፒየር ሱቅ ረቡዕ ዝግ ነው። እናቴ ይሄን ስትሰማ ስለዚህ ጌም ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሩ ነገር ተናገረች፦ «ይጾማል ማለት ነው፣ ጎበዝ!»